ኤአይ ለጥብቅና ስራ ምን ያህል ያስተማምናል? ጠበቆችና የፍርድ ቤት ሰዎች እስቲ ምከሩኝ

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ማርቆስ ነው ያለሁት፣ የጥብቅና ፈቃድ ካወጣሁ ብዙም አልቆየሁም፣ ከአንድ አንጋፋ ጠበቃ ጋር ቢሮ ተጋርተን እንሰራለን። ጥያቄዬ ስለ ኤአይ ነው፣ ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ፣ ክላውድ ስለሚባሉት። እኔ ለደብዳቤ፣ ረጅም ቃለ ጉባኤ ለማሳጠር፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ሲመጣብኝ ቶሎ ለመረዳት እጠቀምባቸዋለሁ፣ ጊዜ ይቆጥባሉ። ጋሼ (ቢሮ የምንጋራው ጠበቃ) ግን አንድ ቀን ስክሪኔን አይተው በጣም ተቆጡ፣ "የሰው ጉዳይ በአደራ ተቀብለህ ለማታውቀው አካል ትዘከዝካለህ" አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ነገሩን ከበድ የሚያደርግ ጉዳይ መጣ። ከማቻከል አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ፣ የአጎራባች ሰው ድንበር እየገፋ ገብቶ ማሳቸውን አርሶባቸዋል። ልጁ በስልኩ ኤአይ ጠይቆ መልሱን ማርቆስ ገብቶ አሳትሞ ነው የመጣው። አጻጻፉ ያምራል፣ አንቀጽ ይጠቅሳል፣ የሰበር ችሎት (የሕግ ስህተትን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያርመው ችሎት) መዝገብ ቁጥር ይጠቅሳል፣ "እስከ 10 ዓመት ድረስ መክሰስ ይችላሉ" ይላል። መዝገቡን ስፈልገው በዚያ ቁጥር ያለው ውሳኔ ከመሬት ጋር አይገናኝም። የክልሉ የመሬት አዋጅ ብሎ የጠቀሰው ደግሞ 133/1998ን ነው፣ በ252/2009 የተሻረውን። እናትየው ግን ወረቀቱን እንደ ፍርድ ነው በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው የያዙት፣ ልጁም ከዚህ የተለየ ነገር ስናገር ፊቱ ይለወጣል።

እናንተ እንዴት ነው የምትጠቀሙት? ምን ላይ ነው የማትነኩት? የደንበኛ ምስጢርስ? ለደንበኛስ መንገር አለብኝ ወይ? ጋሼ ናቸው ልክ ወይስ እኔ?

ጣና ዳር (ባህር ዳር፣ ጠበቃ)

ወንድምዓለም እንኳን ጠየቅህ። ከሁሉ በፊት የአስር ዓመቱን ነገር ቶሎ አርመው። ሴትዮዋን የምትይዛቸው በሁከት ይወገድልኝ ክስ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1149 የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው፣ ሰውየው ከገፋ ስንት ጊዜው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቃቸው። ኤአይው አስር ዓመቱን ያመጣው ከ1845 ይመስለኛል፣ እሱ ጠቅላላ የውል ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ነው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ልጁ ያንን ወረቀት አምኖ "ጊዜ አለን፣ መከሩ ይግባና እንከሳለን" ቢል ኖሮ የእናቱ ክስ በይርጋ ሊዘጋ ይችል ነበር። አደጋው ይሄ ነው እንግዲህ፣ ዳኛ ፊት ሳይደርስ ገና ቤት ውስጥ ሰው ያስቀራል።

የሰበር መዝገብ ቁጥር ኤአይ ጽፎ ስታይ መጀመሪያ የለም ብለህ ተነሳ፣ ውሳኔዎቹ የታተሙበትን ቅጽ ገልጠህ ስታገኘው ነው አለ የምትለው። እኔ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር እንደ መሞከሪያ የምጠይቀው ሁላችንም የምናውቀውን ነው፣ ሰ/መ/ቁ 21448፣ ቅጽ 4 ላይ ያለውን፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን 1723 ተርጉሞ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ከረቂቅ አያልፍም ያለውን። አንዳንዴ በትክክል ይመልሳል። አንዳንዴ ደግሞ ጉዳዩን የካሳ ክርክር አድርጎ፣ ተከራካሪዎቹን ፈጥሮ፣ ፍርዱን ፈጥሮ ይነግርሃል። በሁለቱም ጊዜ አነጋገሩ አንድ ነው፣ ያው እርግጠኛ ነው። ሰው ሲዋሽ ድምጹ ይለወጣል፣ ዓይኑ ይሸሻል፣ ምስክር ስንጠይቅ የምናየው እሱን ነበር፣ እዚህ ላይ ያ ሁሉ የለም።

የሰበር ትርጉም ደግሞ ለማሳመሪያ የሚጠቀስ ነገር አይደለም። ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ፣ አሁንም በአዋጅ 1234/2013፣ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም የፌዴራሉንም የክልሉንም ፍርድ ቤት ያስገድዳል። የሌለ ትርጉም ጠቅሰህ አቤቱታ አስገባህ ማለት ፍርድ ቤቱን የሚያስገድድ ሕግ ፈጠርክ ማለት ነው። እና ከክሳችን መጨረሻ የምንጽፈውን ታውቀዋለህ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የቀረበው በእውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ብለን ነው የምንፈርመው። ያንን የሚፈርመው ቻትጂፒቲ አይደለም።

አሜሪካ ኒውዮርክ የሆነውን ሰምተህ ይሆናል። አንድ መንገደኛ አቪያንካ የሚባለውን አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ የምግብ ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ብሎ ከሰሰ፣ ጠበቆቹ ስድስት የሌሉ ውሳኔዎች ጠቅሰው አስገቡ፣ ሁሉንም የፈጠራቸው ቻትጂፒቲ ነው። ጠበቃው እነዚህ ውሳኔዎች እውነት ናቸው ወይ ብሎ ያንኑ ቻትጂፒቲ ጠይቆት ነበር፣ አዎ እውነት ናቸው አለው። በፈረንጆቹ 2023 ዳኛ ኬቨን ካስቴል 5,000 ዶላር ቀጧቸው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ስማቸው ግን ዓለም ላይ ዞረ። ለእኔ ትምህርቱ ያለው ግን ቅጣቱ ላይ ሳይሆን ያቺ ጥያቄ ላይ ነው። የጻፈውን ራሱን ጠይቆ ማረጋገጥ ማረጋገጥ አይባልም።

ሌላው የተሻረ ሕግ ነው። ስለ ሙከራ ጊዜ ጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ 45 ቀን ይልሃል። ያ የድሮው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የ377/96 ነው። በአዲሱ አዋጅ 1156/2011 60 የስራ ቀን ሆኗል። የወሊድ ፈቃድም እንደዚሁ 90 ቀን ይልሃል፣ አሁን 120 ነው። የድሮው ሕግ ብዙ ዓመት ስለተጻፈበት ነው መሰለኝ እሱ ይቀናዋል።

ስለዚህ እኔ እጠቀማለሁ፣ አልደብቅም። ግን ቁጥር የያዘ ነገር ሁሉ፣ የአዋጅም የአንቀጽም የመዝገብም የቀንም ቁጥር፣ ከምንጩ በዓይኔ ሳላየው ወረቀት ላይ አይሰፍርም።

ደጀን በር

እኔ ጠበቃ አይደለሁም ባለጉዳይ ነኝ። ጠበቃዬ የኔን ነገር እንደዚህ ላለ ነገር እንደሚያወራ ብሰማ በዕለቱ ውክልናዬን አነሳ ነበር። የቤተሰብ ጉዳይ ነው የያዝኩት፣ ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነው ለእሱ የነገርኩት። ጋሼ ናቸው ልክ።

ዳሞት ኔት (ፍኖተ ሰላም)

እኔ የኮምፒውተር ሰው ነኝ፣ ሕጉን ለእናንተ ትቼ ስለ ምስጢሩ ላስረዳ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያስበው ስልኩ ውስጥ ያለ እየመሰለው ነው።

የምትጽፈው ነገር በሙሉ ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ይሄዳል። ነጻውን ቻትጂፒቲ እየተጠቀምክ ሴቲንግ ገብተህ ካላጠፋኸው በስተቀር የጻፍከውን ሞዴሉን ለማሰልጠን ሊጠቀሙበት ይችላሉ፣ ዳታ ኮንትሮልስ የሚለው ውስጥ ነው ማጥፊያው ያለው፣ ዛሬ ግባና አጥፋው። ለድርጅት ተብለው የሚሸጡት አካውንቶች ይሻላሉ፣ በውላቸው ላይ አናሰለጥንበትም ይላሉ፣ ግን ያም ቢሆን ዳታው ወጥቷል።

ዲሊት ካደረግኩት ጠፋ ለምትሉ፣ በፈረንጆቹ 2025 አሜሪካ ውስጥ ኒውዮርክ ታይምስ ኦፕንኤአይን በከሰሰበት መዝገብ ፍርድ ቤቱ ተጠቃሚዎች ያጠፉትን ቻት ሳይቀር እንዲያስቀምጥ አዞት ለወራት ተቀምጧል፣ በኋላ ነው ትዕዛዙ የተነሳው። እናንተ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፣ ፍርድ ቤት አምጣ ካለ ይመጣል። እዚያው ዓመት ላይ ሌላም ነገር ነበር፣ ሰዎች ቻታቸውን ሼር ሲያደርጉ ሰርች ላይ እንዲወጣ የምትፈቅድ ትንሽ ሳጥን ነበረች፣ ብዙዎች ሳያስተውሉ ነኳትና የግል ወሬያቸው ጎግል ላይ ተገኘ፣ ድርጅቱ አማራጩን አነሳው። ስለዚህ ለስራ ባልደረባህ ሊንክ ልኮ ማሳየት የሚባል ነገር ተው፣ ስክሪንህን አሳየው።

ደጀን በር ያልሽው/ያልከው ልክ ነው ግን መሃል መንገድ አለ። ስም፣ ቀበሌ፣ የይዞታ መለያ ቁጥር፣ ስልክ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ሁሉንም አውጥተህ "አንድ ሰው ጎረቤቱ ድንበሩን ገፋበት" ብለህ ብትጠይቅ የማንንም ምስጢር አላወጣህም። ከባዱ ፋይል ስትጭን ነው። ስካን የተደረገ ቃለ ጉባኤ ስትጭን ስሙ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ ማህተሙም። አንዳንዱ ደግሞ ሙሉውን የደንበኛ ማህደር ነው ፎቶ አንስቶ የሚልከው።

ኤአይ ለምን የሌለ ነገር ይፈጥራል ለሚል፣ እነዚህ ነገሮች መዝገብ ቤት የላቸውም። ካነበቡት ብዙ ጽሁፍ ተነስተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ነው የሚገምቱት። "ሰ/መ/ቁ" ከሚለው በኋላ አምስት ወይም ስድስት አሃዝ እንደሚመጣ ተምረዋል፣ የትኛው አምስት አሃዝ የትኛው ጉዳይ እንደሆነ ግን አልያዙም። በአማርኛ ደግሞ ያነበቡት ትንሽ ነው፣ ነጋሪት ጋዜጣው አብዛኛው ስካን ምስል ነው። እንግሊዝኛው ላይ 100 ጊዜ ያዩትን ነገር አማርኛው ላይ አንድ ጊዜም ላያዩት ይችላሉ፣ ዝም ከማለት ደግሞ መገመት ይቀላቸዋል።

ግምቱን ለመቀነስ አዋጁን ራስህ ጭነህ "ከዚህ ሰነድ ውጭ አትመልስ፣ አንቀጹን ከነቃሉ ጥቀስ" በለው። አዋጅ የሕዝብ ነው፣ ብትጭነው ችግር የለም። ያኔም ቢሆን ስካኑ ካልጠራ ቁጥር ያዛባል፣ 3 እና 8 ሲቀያየር አይቻለሁ።

የሞጣዋ (ተከላካይ ጠበቃ)

እኔ ወንጀል ነው የምሰራው፣ ፋይሉ ከአቅም በላይ ነው፣ ስለዚህ "ጊዜ ይቆጥባል" የሚለውን ነገር ቀለል አድርጌ አላየውም። ደንበኞቼ ገንዘብ የላቸውም፣ አንዳንዱን የማገኘው ችሎት ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ማረፊያ ቤት በር ላይ ነው። የምስክር ቃል በምስክር በምስክር ለይቶ የሚያሳይ ነገር ባገኝ ምን ያህል እንደሚረዳኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ግን ወንጀል ፋይል ውስጥ ያለው ነገር የተከሳሹ ብቻ አይደለም። የተደፈረች ልጅ ቃል አለ፣ የሐኪም ማስረጃ አለ፣ የጎረቤት ስም አለ፣ የልጅ ስም አለ። እነሱ ለእኔ ውክልና አልሰጡኝም፣ ፈቃድም አልሰጡኝም። ስሙን ባወጣው እንኳ ትንሽ ከተማ ነው፣ "የሞጣ የ13 ዓመት ልጅ፣ የወፍጮ ቤቱ ጎረቤት" ካልኩ ስሟን ጠራሁ ማለት ነው። ስለዚህ የእንደዚህ ያለ ፋይል አንድ መስመር አላስገባም፣ በድርጅት አካውንትም ቢሆን፣ ስም አውጥቼም ቢሆን። ደክሞኝ እስከ እኩለ ሌሊት አነባለሁ።

የወንጀል ሕጉ 399 የሙያ ምስጢር ያወጣን ሰው እንደሚቀጣና ጠበቃም ውስጥ እንዳለበት አትርሱ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁም 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃን ለብቻው ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ወደ ውጭ አገር ለማስተላለፍም ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ፍኖተ ሰላም ያለው ወንድማችን ሰርቨሩ ውጭ ነው ሲል እኔ የሰማሁት ይሄንን ነው።

ለምንድነው የምጠቀምበት? ለመከራከሪያ ልምምድ። ፍሬ ነገሩን ከማንም ጋር እንዳይገናኝ አድርጌ እቀይረውና "አንተ ዓቃቤ ሕግ ነህ፣ ይሄን መከላከያ አፍርስልኝ" እለዋለሁ። ይሄ ላይ ጎበዝ ነው፣ ያላሰብኩትን ጥያቄ ያመጣል። በቀጥታ "መከላከያዬ እንዴት ነው" ብለህ ከጠየቅከው ግን በጣም ጥሩ ነው ይልሃል፣ የሚያስደስትህን ነው የሚነግርህ፣ ይሄንን ጀማሪዎች በደንብ ያዙት።

የቀድሞ ዳኛ (ቢቸና)

ልጆቼ ጥሩ ትወያያላችሁ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ግን ተፍርድ ቤት በር አልራቅሁም።

እናንተ የምታወሩት ስለ ጠበቃ ነው። አብዛኛው የኛ ገበሬ ጠበቃ የለውም። ተፍርድ ቤት በር ላይ ወንበር ዘርግቶ ተሚጽፍለት ራፖር ጸሐፊ ነው የሚሄድ። ዱሮ እነዚያ ጸሐፊዎች ሕግ ባይማሩም ስንት ዓመት ሲጽፉ ስለኖሩ የችሎቱን ልክ ያውቁታል፣ ይሄ በወረዳ ነው፣ ይሄ በዞን ከፍተኛ ነው፣ ይሄ ማስረጃ ዝርዝር ይጎድለዋል ይሉታል። አሁን ወጣቶቹ ስልክ ይዘዋል፣ ገበሬው ሲነግራቸው ስልኩ ይጽፋል፣ እነሱ ያትማሉ። አቤቱታው ረዝሟል፣ ቃሉ አምሯል፣ ፍሬ ነገሩ ግን ጠፍቷል። ማሳው የት ነው፣ በማን በማን ይዋሰናል፣ ስፋቱ ስንት ጥማድ ነው፣ መቼ ተገፋ፣ ማን አየ፣ ዳኛው የሚፈልገው ይሄን ነው። እሱ የለበትም፣ በምትኩ ስለ ፍትሕና ስለ ሰብዓዊ መብት ሁለት ገጽ አለ። ዳኛው አሻሽለህ አምጣ ይለዋል፣ ገበሬው ተመልሶ ሌላ ይከፍላል፣ ቀጠሮ ይረዝማል፣ ያ ሁሉ መንገድ በእግር ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰው "የመሬት ሽያጭ ውል" የሚል ወረቀት ይዞ መጥቶ አሳየኝ፣ በስልክ የተዘጋጀ ነው፣ ሻጭ ገዥ፣ ዋጋ፣ ገደብ ሁሉ አለው፣ የተሸጠው የገጠር እርሻ መሬት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም እያለ! ኤአይው የሌላ አገር ውል ነው በአማርኛ የጻፈለት። ገንዘቡ ተከፍሏል። እንግዲህ ያን ውል ይዞ ወዴት ይሄዳል? ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ሌላ ክርክር ነው እንጂ መሬቱስ አይገኝ።

ስለዚህ ጠበቆቹ ስለራሳችሁ ጥንቃቄ ብቻ አታውሩ። ተበሩ ላይ ያሉትን ጸሐፊዎች ሰብስቦ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል፣ ክልሉ ፍትሕ ቢሮም ዩኒቨርሲቲዎቹም ይሄን ሊይዙት ይገባ ነበር።

ቀስተ ደመና (የሕግ መምህር)

የቀድሞ ዳኛ የተናገሩት ልቤን ነካው፣ ተማሪዎቻችን ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጡም የምናየው ይሄንኑ ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ሙሉ በሙሉ ጎጂ ነው ወደሚል እንዳንሄድ። ከማቻከል የመጣው ልጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጠበቃ ነው የመጣው። ያ ነገር ባይኖር ኖሮ ምናልባት በሽማግሌ እያሉ ዝም ብለው ይቀሩ ነበር። ሰው መብት እንዳለው አውቆ ከቤቱ መነሳቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ከሚያምነው ነገር ላይ ግን ማን ይይዘዋል ነው ጥያቄው።

ውድ የሆኑት፣ ለጠበቃ ብቻ የተሰሩት ፕሮግራሞች ይሻላሉ ለምትሉ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2024 ሌክሲስና ዌስትሎው የሚያቀርቧቸውን መሳሪያዎች ፈትሸው ከ17 እስከ 33 በመቶ የሚሆነው መልስ ላይ ፈጠራ አግኝተዋል። እነዚህ የራሳቸው የፍርድ መዝገብ ያላቸው ድርጅቶች ናቸው። እንግሊዝ አገር ደግሞ በፈረንጆቹ ሰኔ 2025 ሃይ ኮርቱ አንድ ፋይል ላይ ከተጠቀሱት 45 ውሳኔዎች 18ቱ የሌሉ ሆነው አግኝቷል፣ የሚገርመው እዚያ ጉዳይ ላይ ፍለጋውን የሰራው ደንበኛው ራሱ ነው፣ ጠበቃው ሳያጣራ ተቀበለው። የጮቄ ልጅ፣ ያንተ ነገር በትክክል ይሄ ነው፣ አንተ ፈልገህ መዝገቡን ማየትህ ነው ልዩነቱ።

በእኛ አገር ደግሞ የሚብስበት ምክንያት አለ። የፌዴራል አዋጅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፣ ሲለያዩ የሚገዛው አማርኛው ነው፣ ኤአይው ግን ያነበበው ካለ እንግሊዝኛውን ነው። የክልላችን ሕግ የሚወጣበት ዝክረ ሕግ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ እንደልብ አይገኝም፣ እኛ እንኳ አንዳንዱን ደንብ ፎቶ ኮፒ ፈልገን ነው የምናገኘው። ስለዚህ ስለ ገጠር መሬት፣ ስለ ክልሉ ቤተሰብ ሕግ ሲጠየቅ ወይ የፌዴራሉን ይሰጣል ወይ የተሻረውን ወይ የሌላ ክልል። ጎጃም ውስጥ ፍርድ ቤት ከሚመጣው ጉዳይ ብዙው መሬት ነው፣ እና ኤአይው በጣም ደካማ የሆነው ሰው በጣም በሚፈልገው ቦታ ላይ ነው።

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ጣና ዳር፣ ያልከኝን ጠይቄያቸዋለሁ፣ የተገፉት ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው፣ ሁለት ዓመቱ አልሞላም እግዚአብሔር ይመስገን። የይዞታ ደብተሩ ሁለተኛ ደረጃው ነው፣ ካርታ አለው፣ ድንበሩ በደንብ ይታያል፣ ወረዳው መሬት አስተዳደር ያለውን ማህደር ደግሞ ግልባጭ ጠይቄያለሁ። ልጁን አስቀምጬ 252ን ከዝክረ ሕጉ አውጥቼ ጎን ለጎን አሳየሁት፣ እሱ ራሱ አነበበው፣ ከዚያ በኋላ ዝም አለና "ሌላውስ ያለው ነገር ልክ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። አብረን አንድ በአንድ ሄድንበት።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ቀን መቁጠርስ? ይግባኝ 60 ቀን ሲሆን አስልቶ ሲሰጠኝ ልተማመንበት?

ጣና ዳር (ባህር ዳር፣ ጠበቃ)

ኧረ በፍጹም! ጳጉሜን ይረሳታል። ሐምሌ 15 ፍርድ የተሰጠበት ጉዳይ በል፣ የፍርድ ቤት እረፍት እንዴት ይቆጠራል የሚለውን ለጊዜው ተወውና ቆጠራውን ብቻ እይ። ከሐምሌ ገና 15 ቀን ይቀራል፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜ 5፣ ሃምሳ ሆነ፣ መስከረም 10 ላይ 60 ይሞላል። ወሩን ሁሉ ሰላሳ አድርጎ ከቆጠረ ግን መስከረም 15 ይልሃል፣ አምስት ቀን ዘግይተህ መዝገብ ቤት ትደርሳለህ። አንዳንዴ ደግሞ ወደ ፈረንጅ ቀይሮ ቆጥሮ ሲመልሰው በአንድ ቀን ይዛነፋል፣ በተለይ ጳጉሜ ስድስት በሆነች ዓመት። የአዋጅ ዓመትም እንደዚሁ ነው፣ 1249/2013 የሚለውን የጥብቅና አዋጃችንን 1249/2021 ብሎ ሲጽፈው ታያለህ፣ እንግሊዝኛው ላይ ልክ ነው አማርኛ አቤቱታ ላይ ግን ዳኛውን ግራ ታጋባዋለህ። ቀን በእጅህ ቁጠር፣ ግድግዳህ ላይ ባለው ካሌንደር።

የሞጣዋ (ተከላካይ ጠበቃ)

የቀረችው ጥያቄ ለደንበኛ መንገር አለብኝ ወይ የምትለዋ ናት። እኔ አዎ ነው የምለው። ደጀን በር የተናገረው የብዙ ሰው ስሜት ነው፣ ሰውየው ከሌላ ሰው ከሚሰማው ካንተ ይስማው። ያልፈለገ ደንበኛ አልፈልግም የማለት መብት አለው፣ ያኔ የእሱ ፋይል ላይ አትነካም፣ አለቀ።

ደጀን በር

ተነግሮኝ፣ ስሜ እንደማይገባ ተነግሮኝ ከሆነ እስማማ ይሆናል። ሳይነገረኝ ነው የማልወደው።

ጣና ዳር (ባህር ዳር፣ ጠበቃ)

እኔ ከደንበኛ ጋር በምፈርመው የጥብቅና ውል ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሬያለሁ፣ ለሚፈልግ ይኸው። ማንበብ ለማይችል ደንበኛ አንብቤ አስረድቼ ነው የማስፈርመው፦

"ጠበቃው ለጽሁፍ ዝግጅትና ለጥናት የኤአይ መሳሪያ ሊጠቀም ይችላል። ሆኖም የደንበኛውን ስም፣ አድራሻ፣ የይዞታና የመዝገብ ቁጥር ወይም ደንበኛውንና ሌላ ሰውን ለይቶ ሊያሳውቅ የሚችል ማናቸውንም መረጃና ሰነድ ወደ መሳሪያው አያስገባም። በመሳሪያው እገዛ የተዘጋጀ ማናቸውም ጽሁፍ ለፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት የተጠቀሱት ሕጎችና ውሳኔዎች በጠበቃው ከምንጫቸው ይረጋገጣሉ፣ ለይዘቱም ኃላፊው ጠበቃው ነው። ደንበኛው መሳሪያው በጉዳዩ ላይ በጭራሽ እንዳይውል የመከልከል መብቱ የተጠበቀ ነው።"

የጮቄ ልጅ፣ ለጋሼም አሳያቸው፣ የሚጨምሩት ካለ እዚህ ጻፍልን።